በይገዙ ሱቅ የሚያለቅሰው ሸክላ

ቀራንዮ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1931 ዓ.ም.

በሶማሌ ምድር ደናኔ እስር ቤት ላለኸው ለአምሐዬ፤

እንደምን ሰንብተህልኛል? ሐሩሩስ በረደ ወይ? እዚህ ክረምቱ ወጥቶ የጥቅምት ብርድ ገብቷል፤ ጠዋት ጠዋት የአጥሩ ሥር ሣር ውርጭ ለብሶ ያድራል። ላሚቱ ወልዳለች፤ ጥጃው ወንድ ነው፣ እንዳንተ ግንባሩ ሰፊ ነው። አባቴ መሪጌታ ገብረአምላክ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን አሁንም ተማሪ ዜማ ሲሳሳት ከሁለት ቤት ማዶ ይሰማል። እናትህ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ፤ አንድ ነገር ብቻ አስቸግሮኛል። የኮልፌ ሴት ሁሉ እራት ላብላሽ እያለ መከራዬን ያበላኛል።

ነገሩ የጀመረው የመስቀል ሰሞን እንዳለፈ ነው። አንድ ቀን ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ጎረቤታችን በላይነሽ ዶሮ ወጥ በድስቱ ተሸክማ መጣች። በላይነሽን ታውቃታለህ፤ ለሰው ጨው ስትሰጥ እንኳ እጇ ይንቀጠቀጣል። «ብዪ እስቲ፣ ከስተሻል» አለችኝ። ዓይኗ ግን ወጡን እንጂ እኔን አያይም።

«ጽጌን እየጾምሁ ነው» አልኋት።

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከዛሬ ወዲህ።»

ዶሮዋን ይዛ ተመለሰች። በማግስቱ በሽሮ መጣች። ሆዴን አመመኝ አልሁ። ከዚያ ወዲህ አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትገባለች፤ አንዷ ምስር፣ አንዷ ተልባ፣ አንዷ የሱፍ ፍትፍት ይዛ። ሁሉም የሚመጡት ወደ ማታ ነው። ጠዋት ግን አንድም ሰው «ቁርስ በልተሻል ወይ» ብሎ አይጠይቀኝም።

ይህ ምን እንደሆነ ላንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የበላይነሽ ወንድም ጅማ መንገድ ላይ የሞተ ጊዜ ወሬውን ቀድመህ ሰምተህ፣ መርዶው ሊነገራት ዋዜማ አጠገቧ ቁጭ ብለህ እራቷን ያጎረስሃት አንተው ነህ። «ነገ ሰማይ ሊደፋባት ነው፤ ባዶ ሆድ ሐዘን አይችልም» ብለኸኝ ነበር። ጎህ ሲቀድ ሽማግሎቹ በሯ ላይ ቆመው ሲያስሉም አይቻለሁ። በኛ አገር ባዶ ሆዱን ላለ ሰው መርዶ አይነገርም።

ስለዚህ አልበላም። እነሱ እያዩኝ አልበላም። ቀን ቀን ከበረቱ ጀርባ ተደብቄ እንደ ሌባ ቆሎ እቆረጥማለሁ፤ ጥጃው ብቻ ያየኛል። ሲመሽ አፌን ገጥሜ እቀመጣለሁ። በላይነሽ ትለምነኛለች፣ እናትህ ትለምነኛለች፤ አባቴ እንኳ «ልጄ፣ ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፣ እግዚአብሔር ሙቺ አላለሽም» ብለው ሰበኩኝ። ምን ሊነግሩኝ እንዳሰቡ አልጠየቅኋቸውም። ላንተም አልጽፈውም። እኔ ካልበላሁ አይነግሩኝም፤ ካልነገሩኝ ደግሞ አንተ ደናኔ ነህ፣ ደህና ነህ፣ ሐሩሩ ብቻ አስቸግሮሃል። እንዲህ ሆኜ ነው የከረምሁት አምሐ። አንጀቴ ታጥፎ፣ ግን አንተን ይዤ።

አሁን የይገዙን ጉድ ልንገርህ፤ መጀመሪያው የሚያስቅ ነው።

ይገዙ፣ ያ አስኮ መንገድ ዳር ጨውና ስኳር የሚሸጠው ጉራጌ፣ ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ አንድ ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣልያን ግራሞፎን ገዛ። አንተ ከተማ በትልልቆቹ ቤት አይተኸዋል፤ እኛ ግን እዚህ ቀራንዮ ማዶ ማን ያሳየናል? ሣጥን ነው፤ ከላዩ እንደ መለከት አፉን የከፈተ ነገር አለው። ይገዙ ጎኑ ላይ ያለውን እጀታ ያጠነጥንና ጥቁሩን ሸክላ አስቀምጦ መርፌውን ሲያሳርፍበት ሰው የሌለበት ድምፅ ይዘፍናል። አንዲት ባልቴት ዘፋኙ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ መዋሉ አሳዝኗት ጠላ በጣሳ ይዛ መጣችለት። ይገዙ ተቀብሎ ራሱ ጠጣው።

ከዚያ በኋላ የሰዉ ጠባይ ተለወጠ። ሴቱ ሁሉ ጨው ሳያልቅበት ጨው የሚገዛ ሆነ። አንድ ጊዜ መግዛት የሚቻለውን ስኳር በእፍኝ በእፍኝ እየተመላለሱ ይገዙታል፤ እስኪሰፈርላቸው ድረስ ሸክላው ይዘፍናላ! ለጎረቤት ባለሱቅ ዘመድ የሆነው እንኳ ዘመዱን ትቶ ወደ ይገዙ ጎረፈ። በላይነሽ አንድ ቀን ቤቷ ደጃፍ ላይ ተክዛ ተቀምጣ አገኘኋት። «ምን ሆነሽ?» ብላት፣ «ቤቴ ዝም አለብኝ» አለችኝ። «ከዚህ በፊት ዝም ማለቱን አላውቅም ነበር። አሁን ከዚያ ሱቅ ስመለስ ግድግዳው ይጨንቀኛል።» ሳቅሁባት። የማያውቁት ነገር አይናፍቅም ይሉ የለ? እሷ ግን አንዴ አወቀችውና መከራዋን አየች።

ይገዙ ደግሞ የሰው ዓይን የሚያነብ ሰው ነው። ሳቅ ያለበትን ዘፈን ሲያጫውት ሰዉ ይስቃል፣ ይጨፍራል፣ ይወጣል። የሚያሳዝነውን ሲያጫውት ግን ይቆማል፤ ቆሞ ቆሞ ዓይኑን ጠርጎ የሆነ ነገር ገዝቶ ይሄዳል። «ያለቀሰ ሰው ባዶ እጁን መውጣት ያፍራል» ብሎ ለአባቴ ነገራቸው፤ ትልቅ ምሥጢር ያገኘ መስሎት። ከዚያ እናትህን አሰባት። በኮልፌና በአስኮ ከሸዋገነት በላይ ሙሾ አውራጅ ማን አለና? አንተስ ትቀልድባት አልነበረም? «እናቴ፣ ሰው ሲሞት ብቻ ነው ቤታችን ሥጋ የሚገባው» እያልህ።

ይገዙ በክረምቱ መጀመሪያ እቤት ድረስ መጣ። ፒያሳ ድምፅ በሸክላ ላይ የሚቀርጽ አንድ ፈረንጅ አለ አላት።

«እሜቴ ሸዋገነት፣ ድምፅዎ ከርስዎ በኋላ እንዲቀር አይፈልጉም?»

«እኔ ከሄድሁ በኋላ ድምፄ ብቻውን ቀርቶ ምን ሊበላ ነው?»

«የለም እሜቴ፣ ሰው እንዲሰማው ነው እንጂ። እንዲያለቅስበት።»

«በማን?»

ይገዙ ግራ ገባው። «በ… ማለቴ፣ እንዲሁ ነዋ። ለዘፈን ያህል።»

«ስማኝ ይገዙ» አለችው፤ ስትቆጣ ድምጿ ዝቅ እንደሚል ታውቃለህ። «እኔ ከማልቀሴ በፊት ሟቹ ማን እንደነበር እጠይቃለሁ። ቁመቱን፣ ሥራውን፣ ምን እንደሚወድ እጠይቃለሁ። ሟች ሳይኖር ሙሾ ማውረድ ሞትን ና ብሎ መጥራት ነው። እኔ ለሞተ ሰው ነው የማለቅሰው፤ ለጨው አላለቅስም።»

ይገዙ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። እኔ በዚያን ቀን እናትህን ወደድኋት። እስከዚያን ቀንም እወዳት ነበር፣ ግን አማት ናትና በልክ ነበር።

ነሐሴ ሲያልቅ ፈቀደ ከደናኔ ተፈታ። ያ የዘነበወርቁ ፈቀደ፣ በየካቲቱ እልቂት ጣልያኖች ካንተ ጋር በአንድ ካሚዮን የጫኑት። የመጣ ዕለት እኔ ልብስ ላጥብ ወንዝ ወርጄ ነበር። ስመለስ እናትህ መደቡ ላይ ተቀምጣለች፤ ለእንግዳ የተቀዳ ጠላ ፊቷ አለ፣ ጉድፍ ገብቶበታል፣ ማንም አልነካውም። «ፈቀደ መጥቶ ነበር» አለችኝ። «ደህና ነው አለኝ።» እኔ እርጥቡን ልብስ ጥዬ በሩጫ ዘነበወርቅ ደረስሁ። ፈቀደን ብታየው አታውቀውም፤ ትከሻው አጥንት ብቻ ሆኗል። አጥሩን ይጠግናል፤ እኔን ሲያይ የተጠገነውን አፍርሶ እንደገና ማሰር ጀመረ።

«አምሐ ደህና ነው ወይ?» አልሁት።

«ውሃው ክፉ ነው» አለኝ። «ጨዋማ ነው። ሰው ይጠጣዋል፤ ከዚያ ሆዱን ያመዋል።»

«አምሐንስ ያመዋል?»

«ሁላችንንም ያመናል።»

«የላከብኝ ነገር የለም?»

አጥሩን የሚያስርበትን ልጥ በጥርሱ ያዘ። እኔም ደግሜ አልጠየቅሁትም። ስለ አንተ ጠይቄው ስለ ውሃ ከመለሰልኝ ከዚያ በላይ መጠየቅ ጅልነት ነው። ወደ ቤቴ ስመለስ ለራሴ «ፈቀደ ጤና የለውም፤ የሚናገረውን አያውቅም» አልሁ። ደጋግሜ አልሁት።

ጳጉሜ ላይ እናትህ የቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። የት እንደምትሄድ አልነገረችኝም። ከሰዓት በኋላ በላይነሽ እየተንደረደረች መጥታ «ሰማሽ? እሜቴ ሸዋገነት ራሳቸው ይገዙ ሱቅ ሄደው ውሰደኝ አሉት፤ ፒያሳ ሄደዋል!» አለችኝ። አላመንኋትም። እናትህ በመሸ ገባች። ድምጿ ተዘግቷል። ከፊቷ ቆምሁ።

«ለጨው አላለቅስም ብለው አልነበረም?»

«ብዬ ነበር» አለች።

«ሟች ሳይኖር ሞትን መጥራት ነው ብለው አልነበረም? ልጅዎ በሰው አገር ታስሮ እያለ ማን ላይ ነው የሚጠሩት?»

 ሰፌዱን አነሣችና ምስር መልቀም ጀመረች። ምስሩ የተለቀመ ነበር። እኔ በንዴቴ አላስተዋልሁም፤ ወይም አስተውዬ ትቼዋለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የይገዙን ሱቅ ደጃፍ አልረግጥም ብዬ ማልሁ። ለአንድ እፍኝ ጨው ገበያ ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ። ሽቅብ ስወጣ ልቤ ይጠፋል፤ ቆሎ ብቻ የበላ ሰው ዳገት አይወድም።

ሸክላው ግን ያለ እኔም ገበያው ደራ። በመስከረም አገሩ ሁሉ ወሬው እሱ ሆነ። ከአስኮ፣ ከዘነበወርቅ በእግራቸው ይመጣሉ። መጀመሪያ ለጉድ ነበር የመጡት፤ በኋላ ነው ነገሩ የተለወጠው። አምሐ፣ በየካቲት ባሏ የጠፋባት፣ ልጇ በደጅዋ የተገደለባት ሴት ስንት ናት? አንዲቷም ድንኳን አልጣለችም። አንዲቷም ደረቷን አልደቃችም። ሬሳ ያላገኘ ማንን ይቅበር? ተሰብስቦ ቢጮህስ ማን ሊመጣበት ነው? ያ ሁሉ እንባ በየቤቱ ተዘግቶበት ተቀምጦ ነበር። አሁን ጨው ልግዛ ብላ ትወጣለች፤ ይገዙ ሸክላውን ያዞራል፤ እሷ ዘንቢሏን ይዛ ታለቅሳለች። ማንም ለማን አለቀስሽ አይላትም፤ ዘፈን ነዋ የምትሰማው! ወንዶቹም ትንባሆ ሊገዙ ገብተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ አሉ። እናትህ በዚያ ሸክላ ላይ የማንንም ስም አልጠራችም፤ ስለዚህ ሁሉም የራሱን ሟች ያስገባበታል።

አንድ ቀን ሁለት ካራቢኔሪ፣ የጣልያን ፖሊሶች፣ ገቡ። ሴቶቹ ደነገጡ። አንደኛው መለከቱ ሥር ጆሮውን አስጠግቶ ሰማና «ቤላ፣ ቤላ» አለ፣ ቆንጆ ነው ማለቱ ነው፤ ድገመው ብሎ በጣቱ ለይገዙ ምልክት ሰጠ። ይገዙ ደገመለት። በላይነሽ እዚያ ነበረች፤ «እሱ የፍቅር ዘፈን መስሎት ራሱን ያወዛውዛል፣ እኛ ፊት ለፊቱ ቆመን የገደላቸውን እናለቅስለታለን» አለችኝ። ሲተርኩት ያስቃል። እሷ ግን ስትነግረኝ አልሳቀችም፤ ጉንጯ እንደ ትኩሳት በሽተኛ ቀልቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለ ሸክላው መዋል አልቻሉም። አንዲት ሴት ሲመሽ ሱቁ ሲዘጋባት በሩን ደብድባ «አንድ ጊዜ ብቻ» ብላ ለመነች አሉ።

ከዚህ ሁሉ የገረመኝ የደብሩ አለቃ ዘመድ የሆኑት ሽማግሌ በአልጋቸው ያረፉ ዕለት የሆነው ነው። ሕጋዊ ለቅሶ ነው፤ እናትህ ተጠርታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከመሐል ቆማለች። ልጆቹ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ያን ሸክላ ከይገዙ ተከራዩልን፤ እንደሱ የሚያስለቅስ የለም።» የድምፁ ባለቤት እዚያው ቆማ እያለች! እኔ ስለ እሷ ተናደድሁ። እሷ ግን ወደ ኋላ ፈቀቅ አለችና ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ የራሷን ድምፅ ጠበቀች። እኔ ሸክላው ሳይመጣ ወጣሁ፤ መሐላዬን አላፈረስሁም።

መሐላዬን ዛሬ ነው ያፈረስሁት።

እናትህ ከሰዓት በኋላ እየወጣች ትጠፋለች። «ማኅበር አለብኝ» ትላለች፤ በሳምንቱ ቀን ሁሉ ማኅበር ያለው ቅዱስ የትኛው ነው? ቤት ውስጥ ደግሞ ሳቂታ ሆናለች። አንተ በነበርህ ጊዜ እንኳ እንዲህ አትስቅም ነበር። ጥጃው ሲዘል ትስቃለች፣ እኔ ሳነጥስ ትስቃለች፣ ዓይኗ ግን እንደ በርበሬ ነው። ዛሬ ራቅ ብዬ ተከተልኋት። ይገዙ ሱቅ በጓሮ በር ገባች። ይገዙ የፊቱን በር ዘጋላትና አጥሩ ዳር ወጥቶ ቆመ፤ እኔን ሲያይ ክው አለ። «ሰርኬ፣ እባክሽ» አለኝ። እኔም በጎኑ አልፌ በበሩ ስንጥቅ አየሁ።

እናትህ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። እጀታውን ራሷ ታጠነጥናለች፤ ለምዳዋለች። ነጠላዋን ጠቅልላ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነክሳዋለች፤ የሙሾው ጩኸት ከሣጥኑ ይወጣል፣ ከእሷ ምንም አይወጣም፣ ትከሻዋ ብቻ ይናጣል። የሸዋን ሰው ሁሉ ያስለቀሰች ሴት ለራሷ ማልቀሻ ቦታ አጥታ ጨው ቤት ገብታለች። ሸክላው ብዙ ከመጫወቱ የተነሣ አርጅቷል፤ ድምጿ ከዝናብ ማዶ የሚመጣ ይመስላል። ቃሉ ግን ይሰማል።

ነጠላህ ከዚህ ናት፣ ሰንዱቅ ውስጥ ታጥፋ፤
ምን ከደኑህ ልጄ፣ ሐሩሩ ሲከፋ።

ያችን ነጠላ ያጠፍኋት እኔ ነኝ አምሐ። ጥለቷን ወደ ውስጥ አድርጌ፣ ብል እንዳይበላት ጤና አዳም አስገብቼባት። የኮልፌ ሴት ሁሉ ስትሰማ የራሷን ነጠላ አስባ ይሆናል። ሰንዱቁ ግን የኔ ነው።

 ሙሾው አለቀ። ሸክላው ገና እየዞረ ነው፤ መርፌው ሲንጫጫ ይሰማል። ከዚያ የእናትህ ድምፅ እንደገና መጣ፤ አሁን ሙሾ አይደለም፣ ደክሟት የምትናገረው ንግግር ነው፤ ፈረንጁ መሣሪያውን ሳያቆም አብሮ ቀርጾታል። «በቃኝ ይገዙ» ይላል ሸክላው። «አደራህን። ሰርኬ እንዳትሰማ።»

ከዚህ በኋላ ዝም ነው። ይህን ስንት ሰው ሰማው? ከአስኮ የመጣው ሁሉ፣ ከዘነበወርቅ የመጣው ሁሉ፣ ጨው የገዛው ሁሉ ስሜን ሰምቶ ነው የወጣው። ገበያ ስሄድ መንገድ የሚለቅልኝ፣ እንስራዬን የሚያሸክመኝ፣ እኔ ስደርስ ወሬ የሚቀይረው አገር ሁሉ። ያ ሁሉ ሰው አንድ አደራ ተሸክሞ አንድም አፍ አላወጣውም። አዲስ ዓመት ነው፣ ትደር አሉ፤ መስቀል ነው፣ ትደር አሉ፤ ከዚያ እኔ አልበላም አልሁና አሳደርኋቸው። እኔ አንተን የያዝሁ መስሎኝ እናትህን አንቄ ይዣት ነበር። እኔ ካልሰማሁ እሷ በገዛ ቤቷ ማልቀስ አትችልም። ልቧ እንዳይፈነዳ ሄዳ ለሣጥን አለቀሰችለት።

እናትህ ሳታየኝ ተመለስሁ። ጥጃውን አሰርሁ። እሳት አነደድሁ። እሷም መጣች፤ ፊቷን ታጥባለች፤ «ማኅበሩ ጥሩ ነበር» አለችኝና ሳቀች። ቀጥላ በላይነሽ ገባች፤ ዛሬ ያመጣችው የአተር ክክ ነው፤ በትልቅ ሳህን። «እባክሽ ሰርኬ፣ ለነፍስሽ ብለሽ» አለች፤ ከልምድ የተነሣ መልሴን እንኳ አልጠበቀችም፣ ሳህኑን አስቀምጣ ልትወጣ ነጠላዋን ታስተካክላለች።

እጄን ታጠብሁ።

በላይነሽ ከበሩ ተመለሰች። የመጀመሪያውን ጉርሻ በውሃ አወረድሁት። ከዚያ በላሁ። እናትህ አንድ አጎረሰችኝ፤ እኔም አጎረስኋት፤ እሷም መብላት አለባታላ። ሳህኑ ባዶ እስኪሆን በላሁ። በላይነሽ ሳህኑን አነሣችና ወጣች። በመስኮት አየኋት፤ ወደ ቤቷ አልሄደችም፣ ባዶ ሳህኗን እንደያዘች በሩጫ ወደ አባቴ ቤት ነው የወረደችው።

«ጠገብሽ ልጄ?» አለችኝ እናትህ።

«ጠገብሁ እናቴ። ነገ ይገዙ ሱቅ አይሂዱ።»

 ከዚያ ጉልበቴን ይዛ መሬት ተቀመጠች፤ ራሷን ጭኔ ላይ አኖረች። አላለቀሰችም፤ ሥርዓቱን ታውቃለች፣ መርዶው ገና አልተነገረኝም። እኔም ፀጉሯን ዳበስሁላት። አሁን እንቅልፍ ወስዷታል፤ ከክረምት ወዲህ እንዲህ ስትተኛ አላየሁም። እኔ ደግሞ ፀሐይዋ ሳትገባ ይህን ልጽፍልህ በመስኮቱ ብርሃን ተቀምጫለሁ።

አምሐዬ፣ ብዙ የምነግርህ ነበረኝ። የጥጃውን ስም አንተ እንድታወጣለት ትቼዋለሁ። የሰሜን በኩል ጣሪያው ያፈሳል፤ ምን ላድርገው? ያንን የውሃ ጥም እንዴት ቻልኸው? አጠገብህ ሰው ነበረ ወይ? ፈቀደ ነበረ ወይ? ይህን ነገ አይደለም፣ ሌላ ቀን እጠይቀዋለሁ፤ ከአጥሩ ጋር እስኪጨርስ እጠብቀዋለሁ እንጂ አልተወውም።

እናም ይቅር በለኝ። በላሁ። አቅሜ እስከቻለ ድረስ ይዤህ ቆይቻለሁ፤ ከዚህ በላይ ግን ራሴን በረሃብ፣ እናትህን በሳቅ መግደል ሆነብኝ። ጎህ ሲቀድ አባቴ በሩ ላይ ቆመው ሲያስሉ «ማነው?» ብዬ አልጠይቅም። ራሴ ነኝ የምከፍትላቸው።

ባለህበት ጥም አይንካህ፣ ሐሩር አይንካህ፤ ውሃህ ጣፋጭ ይሁን። የቀራንዮው መድኃኔዓለም እጅህን ይያዝልኝ፤ እኔ ለቅቄዋለሁና።

እስከ ንጋት ድረስ ሚስትህ፣
ሰርኬ ገብረአምላክ